የዕጣን መዐዛ፥ የሥዕል ቀለምና የሰው አእምሮ



ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች ጥቂት ቃል እንድጽፍ ታዘዝሁ። ሥራውን ስጀምር ግን ሥዕሉን ለብቻው ለይቶ መጻፍ እንደማይቻል ተረዳሁ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ከብዙ ዘመን የዕጣን ጢስ የተነሣ ጠቁሯል፤ በአንዳንዱ ስፍራ የመላእክቱ ፊት በጭንቅ ይታያል። ስለዚህም ነገር በሽማግሌዎች ጉባኤ ሁለት አሳብ ተነሥቷል። አንደኛው ወገን ጢሱ ሥዕሉን አጥፍቶታልና ታጥቦ በአዲስ ቀለም ይሣል ይላል። ሁለተኛው ወገን ጢሱ የአባቶቻችን ጸሎት ምልክት ነውና ፈጽሞ አይነካ ይላል። ከሁለቱም ወገን የሚናገሩት ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ ልሆን አልተሾምሁም። ዳሩ ግን መዐዛና ቀለም፥ ሥዕልና የሰው አእምሮ ከጥንት ጀምሮ እንዴት እንደ ተሳሰሩ ታሪኩን ብናውቅ፤ ፍርዱ ይቀልልናል ብዬ አስባለሁ። ዓመታቱን በአውሮጳውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ አንባቢ ይህን እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

አስቀድመን የገዛ ቋንቋችንን እንመርምር። በአማርኛ ቀለም ማለት ሦስት ነገር ነው። በዓይን የሚታየው ቀዩና ቢጫው ቀለም ይባላል፤ ጸሐፊ ብዕሩን የሚነክርበትም ቀለም ይባላል፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። ፈጥኖ የሚማረውን ልጅ ቀለም ይገባዋል እንለዋለን፤ የተማረውን ሰው ቀለም የቀመሰ እንለዋለን። እንግዲህ አባቶቻችን ዓይን የሚያየውንና አእምሮ የሚይዘውን በአንድ ስም ጠሩት፤ በላዩም የምላስን መቅመስ ጨመሩበት። ማሽተትም እንዲሁ ነው። ገና ያልተገለጠውን ነገር ቀድሞ የደረሰበትን ሰው ነገሩን አሸተተ እንላለን። በቋንቋችን አፍንጫ የማስተዋል ደጅ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ቋንቋችን ለቀለም የሰጠውን ያህል ለመዐዛ አልሰጠም። ቀይ፥ ነጭ፥ ጥቁር፥ ቢጫ የሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ ስሞች አሉን። ለመጥፎ ሽታም ክርፋትና ግማት የሚሉ ቃላት አሉን። መልካሙን ለመናገር ግን የዕጣን መዐዛ፥ የአሪቲ መዐዛ፥ የቡና መዐዛ እያልን የነገሩን ስም ከመዋስ በቀር ሌላ መንገድ የለንም። ይህ በብዙ ሕዝብ ዘንድ እንዲሁ ስለ ሆነ ሊቃውንት የሰው ልጅ ሁሉ ባሕርይ ነው ብለው ሲያስቡ ኖረዋል። በ2014 ዓመት ግን አሲፋ መጂድና ኒክላስ ቡረንሁልት የተባሉ ተመራማሪዎች፤ በማላያ ምድር በዱር የሚኖሩ ጃሃይ የሚባሉ ሕዝቦች መዐዛን ልክ እንደ ቀለም በየራሱ ስም ያለ ችግር እንደሚጠሩት አስረዱ። እንግዲህ ድካሙ የአፍንጫ አይደለም፤ ያልለመደ ቋንቋ ነው።

ወደ ጥንቱ ታሪክ እንመለስ። በግብፅ አገር በዴር ኤል ባሕሪ በሚባል ስፍራ የንግሥት ሐትሸፕሱት መቅደስ አለ። ይህች ንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ነግሣ የነበረች ናት። መርከቦቿን ጵንጥ ወደሚባለው አገር ላከች፤ ይህም አገር ከግብፅ ወደ ደቡብ፥ በቀይ ባሕር ወገን የነበረ ነው። መርከቦቹም ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዕጣንና ከርቤ ጭነው ተመለሱ። ከዚህም ሌላ 31 ሕያዋን የዕጣን ዛፎች ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው እንደ መጡ በመቅደሱ ግድግዳ ተጽፏል። ይህንም ሁሉ በድንጋይ ቀርጸው በቀለም ቀቡት። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። መዐዛው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታልና ጠፍቷል፤ ዛፎቹም ደርቀዋል። ያ መዐዛ በዚያ ስፍራ እንደ ነበረ ዛሬ የምናውቀው ግን በሥዕሉ ነው። መዐዛ ፈጥኖ ይደርሳል፥ ፈጥኖም ይሄዳል፤ ሥዕል ይዘገያል፥ ዘግይቶም ይኖራል።

በብሉይ ኪዳንም ሁለቱን ሥራ አንድ እጅ እንደ ሠራቸው እናገኛለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 የኡሪ ልጅ ባስልኤል በወርቅ፥ በብርና በናስ ሥራ፥ በድንጋይና በእንጨት ቅርጽ ጥበብ እንደ ተሰጠው ተጽፏል። በምዕራፍ 37 መጨረሻ ደግሞ የቅብዓቱን ዘይትና የዕጣኑን ቅመም የሠራ እርሱ መሆኑ ተነግሯል። በምዕራፍ 30 እንደ ተጻፈውም ያ ዕጣን ትክክል ከተመዘኑ ቅመሞች የሚሠራ ነው። እንግዲህ ለዓይን የሚሠራውና ለአፍንጫ የሚሠራው በዚያ ዘመን ሁለት ባለሙያ አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበረ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች፤ የብራናቸው ዕድሜ በኦክስፎርድ ተመርምሮ አንደኛው ከ390 እስከ 570፥ ሁለተኛው ከ530 እስከ 660 ባለው ዘመን ውስጥ እንደ ተዘጋጁ ታውቋል። በውስጣቸው የወንጌላውያን ሥዕልና ኅብረ ቀለሙ የደመቀ ሐረግ አለ። ከዚህ የተነሣ ከዓለም የክርስቲያን ሥዕላውያን መጻሕፍት መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት ይቈጠራሉ።

እነዚህን የመሰሉ መጻሕፍት የተጻፉበትን ቀለም ያዘጋጀ ሰው ሥራው ከመዐዛ ጋር እንደ ሆነ ያውቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፥ ከተቈላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ይብላላል። ደብተራው ቀለሙ እንደ ደረሰ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በሽታውም ይለየዋል። ቀለሙም ከብራናው ጋር እንዲጣበቅ የግራር ሙጫ ይጨመርበታል። ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለምም እንዲሁ በሙጫ ይያዛል። ሠዓልያኑ ደግሞ ቢጫውን ከአርሰኒክና ከድኝ ከተባበረ ማዕድን፥ ደማቁን ቀይ ከባዜቃና ከድኝ ከተባበረ ማዕድን ያወጡት ነበር፤ ከቆዳ በተፈላ ሙጫም ለውሰው በእንጨት ሰሌዳ ወይም በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥሉት ነበር።

ዕጣኑስ ከወዴት ይመጣል? በትግራይ፥ በመተማና በሑመራ ቆላ፥ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ዋልያ መቀር የሚባል ዛፍ አለ። ዝናብ ከቆመ በኋላ ቆላ የወረዱ ሠራተኞች የግንዱን ቅርፊት በጥቂት ስፍራ በስለት ይፍቁታል። ከቁስሉ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣና በፀሐይ ይደርቃል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰው ይለቅሙታል፤ ቁስሉንም እንደ ገና ያድሱታል፤ ክረምት እስኪገባ እንዲህ እያሉ ይመላለሳሉ። በመጨረሻም ሴቶች በጎተራ ተቀምጠው ዕጣኑን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ሲለቅሙ ግን አያሸቱትም፤ ያዩታል። ትልቁና ነጩ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ የጠቈረውና የደቀቀው ዋጋው ይወርዳል። እንግዲህ የመዐዛውን ዋጋ የሚቈርጠው ቀለሙ ነው ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ዕጣን የአንድ ዛፍ ቁስል ነው፤ ቀለሙን ከብራናው ጋር ያሰረው ሙጫም የሌላው ዛፍ፥ የግራሩ ቁስል ነው። በመቅደስ ውስጥ አፍንጫችንን የሚደርሰውና ዓይናችንን የሚይዘው ከአንድ ዓይነት ምንጭ ወጥተዋል።

ሠዓሊዎቻችንም ይህን ዝምድና አልዘነጉትም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1434 እስከ 1468፥ ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኵሴ ሠዓሊ ነበረ፤ ሥራው እስከ ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ከዚያ ዘመን ሥዕሎች በአንዳንዶቹ እመቤታችን በእጅዋ አበባ ይዛ ትታያለች። ሠዓሊ መዐዛን ሊሥል አይችልም፤ ስለዚህ መዐዛ ያለውን ነገር ይሥላል፤ የቀረውን የሚያይ ሰው ከልቡ ይሞላዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣሉት ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ጽና ይዘው በክብ ወይም በተርታ ይቆማሉ። ከሥዕሉ በታች ካህኑ እውነተኛውን ጽና ሲያወዛውዝ፤ ሥዕሉ የጎደለውን መዐዛ ከምድር ይቀበላል፤ ጢሱም የጎደለውን መልክ ከሥዕሉ ይቀበላል። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ምእመን በዚህ ሁለት መንገድ ትምህርቱን ሲማር ኖሯል።

አውሮጳውያንም በበኩላቸው መዐዛን እንደ ቀለም ሊሥሉት ብዙ ደክመዋል። ኢሳቅ ኒውተን በ1704 ባሳተመው መጽሐፉ ሰባቱን ቀለማት በክብ ሥዕል አደረጋቸው። ካርል ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1752 መዐዛዎችን በሰባት ወገን ከፈላቸው። በ1916 ደግሞ ሃንስ ሄኒንግ የተባለ ጀርመናዊ ለመዐዛ ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕል አወጣ፤ በማዕዘኖቹም የአበባ፥ የፍሬ፥ የቅመም፥ የሙጫ፥ የተቃጠለና የበሰበሰ ነገር ሽታ አኖረ። ከነዚህም ውስጥ ሙጫው የዕጣን ስፍራ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ አልጸናም፤ መዐዛ እንደ ቀለም በጥቂት መስመር ሊታጠር አልቻለም።

ስለ ምን እንዳልቻለ በኋላ ተገለጠ። በ1991 ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሴል የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በአፍንጫ ውስጥ መዐዛን የሚቀበሉትን የዘር ምልክቶች አገኙ፤ ስለዚህም በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዓይን በብርሃን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ብቻ ነው፤ አፍንጫ ግን አራት መቶ ያህል ዓይነት ተቀባይ አለው። ሦስቱን በአንድ ክብ መሣል ይቻላል፤ አራት መቶውን ግን ማን ይሥለዋል?

መንገዳቸውም የተለያየ ነው። ዓይን ያየው ነገር ወደ አንጎል ሲገባ አስቀድሞ በአንጎል መካከል ባለ መተላለፊያ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ስፍራው ይመራል። መዐዛ ግን በዚህ በር ሳይጠብቅ ከአፍንጫ በላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ተነሥቶ ፍርሃትና ፍቅር ወደሚነቃበት አሚግዳላ ወደሚባለው ስፍራ በቀጥታ ይደርሳል፤ ትዝታ ወደሚቀመጥበት ሂፖካምፐስ ወደሚባለውም ስፍራ በአጭር መንገድ ይገባል። ሰው ዕጣን በሸተተው ጊዜ የእናቱን ቤት፥ የልጅነቱን የበዓል ሌሊት፥ የለበሰውንም ነጠላ ድንገት የሚያስታውሰው ስለዚህ ነው። ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ልቡ ይነካል።

ነገር ግን አፍንጫ ብቻውን እንደማይፈርድ ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። በ2001 በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ የታወቀ አንድ ፈተና አለ። ወይን ለመቅመስ የሚማሩ 54 ሰዎች ነጭ ወይን ቀረበላቸው፤ ሽታና ጣዕም የሌለው ቀይ ቀለም ግን ተጨምሮበት ነበር። እነርሱም ሲያሸቱት ለቀይ ወይን የሚነገሩትን ቃላት ተናገሩለት። ዓይናቸው ቀዩን አየና አፍንጫቸው ተከተለ። ስለዚህ ቀለም መዐዛን እንደሚመራ በግልጥ ታወቀ። ምናልባት ቤተ ክርስቲያን በወርቃማና በቀይ ሥዕል በተከበበች ጊዜ ዕጣኑ ይበልጥ የከበረ መስሎ ይሸት ይሆናል።

ሥዕልስ ለአእምሮ ምን ይጠቅማል? በካናዳ አገር በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሊቃውንት በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፤ አንድን ቃል የጻፈ ሰውና ያንኑ ቃል በሥዕል የሣለ ሰው ቢነጻጸሩ የሣለው አብልጦ እንደሚያስታውስ አሳዩ። ሥዕሉ ያማረ መሆን አያስፈልገውም፤ እጅ፥ ዓይንና አሳብ በአንድነት መሥራታቸው ይበቃል። በኋላም በሸመገሉ ሰዎች ዘንድ ይህ ጥቅም እንዳልጠፋ ተገኝቷል። ሐረግ እየጣሉ፥ መስቀል እየሣሉ ዳዊት የተማሩ የቀድሞ ተማሪዎች ይህን ባይጽፉትም ኖረውበታል።

እስካሁን ስለ ማግኘት ተናገርን፤ አሁን ስለ ማጣት እንናገር። በ1918 የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ ስሙም የኅዳር በሽታ ተባለ። የከተማው ሰው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊውን ሰብስቦ በየደጁ ሲያቃጥል ኖሯል፤ ቀኑም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። በዚያ ቀን ጢሱ የሸተተው ልጅ ጦማር ሳያነብ አያቶቹ የሞቱበትን ዘመን ይማራል። መጽሐፉን ያላዩ ሰዎች ታሪኩን በአፍንጫቸው ጠበቁት ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ2020 ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ በሽታው ራሱ ማሽተትን ከብዙ ሰው ወሰደ። ከደብራችን አረጋውያን አንድ አባት ከዚያ በሽታ ከዳኑ በኋላ ለብዙ ወራት ዕጣኑ አልሸተታቸውም ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ፤ ሥዕሉን አየዋለሁ፥ ነገር ግን እንደ ጥንቱ አያናግረኝም፤ ዛሬ በዓል መሆኑን የነገረኝ ቀን መቍጠሪያው ነው አሉኝ። ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ መዐዛ ለሥዕል ጌጥ ነው ብዬ አልናገርም። ለእኒያ አባት ሥዕሉን የሚያናግር ድምፁ ነበረ።

እርሳቸውን የመሰሉትን የሚረዳ አንድ ልማድ አለ። ቶማስ ሁመል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 እንዳስታወቀው፤ ማሽተት ያጣ ሰው የጽጌ ረዳን፥ የባሕር ዛፍን፥ የሎሚንና የቅርንፉድን መዐዛ በየቀኑ ጧትና ማታ ለ12 ሳምንት እያሰበ ቢያሸት፤ ከማያደርገው ይልቅ ይሻለዋል። እኒያም አባት ልጃቸው ሎሚና ቅርንፉድ እያቀረበችላቸው እንዲሁ አደረጉ። ቀስ በቀስ አስቀድሞ ቅርንፉዱ፥ በኋላም ዕጣኑ ተመለሰላቸው፤ ምንም እንኳ እንደ ቀድሞው ሙሉ ባይሆን።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ማሽተት መድከም ከአልዛይመርና ከፓርኪንሰን በሽታዎች አስቀድሞ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ያውቃሉ። ማሽተት ያጣ ሁሉ አእምሮው ይጠፋል ማለት ግን አይደለም፤ ጉንፋንም እርጅናም ያደክሙታልና። በ2023 ደግሞ በካሊፎርንያ የኧርቫይን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 85 የሆኑ 43 ሰዎችን ፈተኑ፤ ለስድስት ወር በየሌሊቱ መልካም መዐዛ በብዛት ያሸተቱት ወገኖች ቃላትን በማስታወስ ፈተና ከሌሎቹ በለጡ። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂት ናቸውና በዚህ ብቻ ብዙ መናገር አይገባም፤ ነገር ግን መንገዱን ያመለክታል።

ስለ ዕጣንም ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2008 ኢንሴንሶል አሴቴት የሚባለውን፥ በዋልያ መቀር ዕጣንም ውስጥ የሚገኘውን ነገር ለአይጦች ሰጥተው ፍርሃታቸውና ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ አገኙ። ይህ በአይጥ ላይ የተደረገ ነው፤ በሰው ላይ እንዲሁ ይሠራል ብሎ ለመናገር አይበቃም። የዕጣን ጢስ ብዙ ሲሆንና ቤቱ ሲዘጋ ሳንባን እንደሚጎዳ፥ ይልቁንም አስም ያለበትን እንደሚያስጨንቅ ደግሞ አንሸሽግም። ዕጣንን መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ሌላ ነው፤ የትዝታችን በር መሆኑን ማወቅ ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ክርክር እንመለስ። ጢሱ መዐዛውን ለአእምሮ ያደርሳል፤ ያው ጢስ ጥቀርሻውን በሥዕሉ ላይ ይተዋል። አንዱ ትዝታ ሌላውን ትዝታ ይበላል። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሮማ የሲስቲና ጸሎት ቤት ሥዕል በመቶ ዓመታት የጧፍና የሻማ ጥቀርሻ ጠቍሮ ነበር፤ ከ1980 እስከ 1994 ባለው ጊዜ በብዙ ትዕግሥት ተጠረገ። ሲጠረግም ሰዎች ደብዛዛ ነው ይሉት የነበረው ሠዓሊ እጅግ ደማቅ ቀለም የሚወድ መሆኑ ተገለጠ፤ ያን ጊዜም ሥራው ከልክ በላይ ታጠበ ብለው የተቃወሙ ሊቃውንት ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ ነው። በውኃና በሳሙና የሚያጥብ ሰው በሙጫ የተያዘውን ቀለም ከጥቀርሻው ጋር አብሮ ያወርደዋል፤ ሙጫ በውኃ ይሟሟልና። በሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ቀለም በላዩ የሚሥልም የቀደመውን ሠዓሊ እጅ ለዘላለም ይቀብረዋል። ፈጽሞ አይነካ የሚለውም ቢሆን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆች ጥቁር ግድግዳ ብቻ እንዲያዩ ይፈርድባቸዋል። መካከለኛው መንገድ ግን አለ። ሥዕሉ አሁን ባለበት መልክ በፎቶግራፍ ይመዝገብ፤ ጥገናው ሥራውን ለተማረ ባለሙያ እንጂ ለፈቃደኛ ብቻ አይሰጥ፤ ጽናው ከሥዕሉ ግድግዳ ጥቂት ርቆ ይንቀሳቀስ፤ ከማዕጠንት በኋላ መስኮቱ ይከፈት። ይህ ከሥርዓቱ አንዲት ነገር አያጎድልም።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን በግድግዳው ላይ ያለው ሳይሆን በቆላው ያለው ነው። በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት በብዙ ስፍራ ያሉትን የዋልያ መቀር ጫካዎች መርምሮ፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ከሽማግሌ ዛፎች በቀር ወጣት ዛፍ እንደሌለ፥ ከዘር የሚበቅለውም ለአሥርታት ዓመታት እንደ ተቋረጠ አስታወቀ። ምክንያቱም እሳት፥ የከብት ግጦሽ፥ ግንድ የሚበሳ ነቀዝና ዕረፍት የሌለው መፋቅ ነው። እንዲሁ ከቀጠለ የሚገኘው ዕጣን በሃያ ዓመት ውስጥ በእኩሌታ ሊቀንስ እንደሚችል ተናግሯል። የሐትሸፕሱት ዛፎች ዛሬ በድንጋይ ላይ ብቻ እንዳሉ፤ የእኛም ዛፍ በካህናተ ሰማይ እጅ ባለው ሥዕል ብቻ እንዳይቀር መፍራት ይገባል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጫካውን ከእሳትና ከከብት መከለል፥ ዛፉን በየጥቂት ዓመቱ ማሳረፍ፥ የሚያርፍበትንም ዘመን ለሚፈቀው ሠራተኛ ዋጋ መክፈል ነው። ዕጣኑን በርካሽ የምንገዛ እኛም በዚህ ነገር ድርሻ አለን።

ስለዚህ ለደብራችን ወጣቶች የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ አረጋውያንን በበዓል ቀን ከዕጣኑና ከሥዕሉ አጠገብ አስቀምጡአቸውና ስለ ምን ትዝ እንደሚላቸው ጠይቋቸው፤ የሚናገሩትንም ጻፉ። ሁለተኛ፤ ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩትን ታሪክ በእጃቸው እንዲሥሉ አድርጉ። ሦስተኛ፤ ዕጣን ስትገዙ ከየት ቆላ እንደ መጣ ጠይቁ።

ያ የጠቈረው የመልአክ ፊት የኢዮቤልዩው ቀን ሲነጋ በዚያው በግድግዳው ላይ ይሆናል። ካህኑም ጽናውን ይዞ በፊቱ ያልፋል። እኒያ አባትም በቦታቸው ይቆማሉ፤ መዐዛው በደረሳቸው ጊዜ በዓል መሆኑን ቀን መቍጠሪያ አይነግራቸውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በዚያ ስፍራ የሚቆመው ሰው ሦስቱንም፥ ዛፉንና ቀለሙን፥ የሚያስታውስ ልብንም ያገኝ ዘንድ የዛሬዎቹ እኛ እንትጋ።

በዓሉን የሰላም፥ የጤናና የመልካም ትዝታ ያድርግልን።